የጭምቶቹ ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ ማሚ ዕቃ አድርሺ ብላ ወደ ድሮ ሰፈራችን፣ ሳውዝ ሲ፣ ልካኝ ነበር። ዕቃውን ሰጥቼ ደረጃውን ስወርድ ከላይ አንዲት ሴት «ምቩዋ! ምቩዋ!» ብላ ጮኸች። ዝናብ መጣ ማለቷ ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? እግሬ ራሱ ዞረ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ጣራው ላይ ወጣሁና የማላውቀውን ሰው አንሶላ፣ የማላውቀውን ሕፃን ካልሲ፣ የማላውቀውን አባወራ ሱሪ እቅፍ ሙሉ ሰብስቤ ቆርቆሮው ሥር ቆምኩ። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና በስዋሂሊ «አንቺ ደግሞ ስንተኛ ፎቅ ነሽ?» አለችኝ።

«እዚህ አልኖርም።»

«ታዲያ የባሌን ሱሪ ምን ልታደርጊው ነው?» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ምን ብዬ ልንገራት? የጋለ ሲሚንቶ በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲመታ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ከልብስ ሳሙና ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ለብቻው ነው። አፍንጫዬን የሰው አንሶላ ላይ አስጠግቼ ሳብኩት። ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ የምንኖረው ከዚያ ሕንፃ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ባለ አምስት ፎቅ ውስጥ ነበር። እኛ ሦስተኛው ላይ፣ ጓደኛዬ ሶስና አምስተኛው ላይ። አባቴ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ ካርጎ ውስጥ ይሠራል። ማሚ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የሰው ልጆች ታስጠናለች፤ ስለዚህ ልብስ የኔ ሥራ ነበር። ጠዋት እሷ ያሰጣችውን እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አወርዳለሁ፤ መቆንጠጫዎቹን በቅርጫት እለቅማለሁ። መቆንጠጫ የሚለው የማሚ ቃል ነው። እኛ ፔግ ነው የምንለው።

ጣራው ላይ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር መጀመሪያ ያየ ሰው «ምቩዋ!» ብሎ በደረጃው ይጮሃል፤ የሰማ ሁሉ ይወጣል፤ ያንቺ የኔ ሳይባል የሕንፃው ልብስ በሙሉ ይነሳል። ከዚያ የየቤቱ ልብስ ተጣጥፎ በየበሩ ይቀመጣል። የኛን ቤት ፎጣ ያጣጠፉልን ሰዎች ብዛት! ግማሾቹን በስም አናውቃቸውም ነበር።

እንግዲህ ጭምቶቹ የሚኖሩት እዚያ ጣራ ላይ ነው።

ስድስት ጥቁር የውሃ ታንከሮች በተርታ ቆመዋል። አንድ ቀን ሶስና ጆሮዋን ሦስተኛው ታንከር ላይ ለጥፋ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ሰው አለ» አለች።

«ውሃ ነው።»

«ውሃ እንደዚህ ይተነፍሳል? ነይ ስሚ!»

ሰማሁ። እውነትም የሆነ ነገር ይተነፍሳል። በዚያው ሳምንት ጭምቶቹ ተፈጠሩ። ቁመታቸው አውራ ጣት ያህላል፤ በታንከሩ ግድግዳ ላይ በተርታ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ውሃው ሲጎድል ወደ ታች፣ ሲሞላ ወደ ላይ ቤት ይቀይራሉ። በጭራሽ አይናገሩም። ምክንያቱም ታንከር ውስጥ አንዲት ቃል ከወጣች ሰባት ጊዜ ታስተጋባለች፣ ሰባት ጊዜ ካስተጋባች ደግሞ አባ ኮዳ ይሰማታል። አባ ኮዳ በሞምባሳ መንገድ በኩል ዛፉ ላይ ተሰልፎ የሚውለው ያ ራሰ በራ፣ አንገተ ረጅም፣ ሽማግሌ የመሰለ ወፍ ነው። አንዱ እየበረረ መጥቶ ታንከሩ ላይ ሲያርፍ የኛም ትንፋሽ ይቆም ነበር።

መናገር የማይችል ሕዝብ ታዲያ እንዴት ይግባባል? በገመድ! ይህን የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ልብሱ ከሚጀምርበት ቦታ በፊት፣ ከታንከሮቹ በኩል ባለው ባዶ ገመድ ላይ፣ ምንም ልብስ ያልያዙ ፔጎች ይደረደራሉ። ሰማያዊ «ነይ» ነው። ቢጫ «ጠብቂ»። ቀይ «አባ ኮዳ መጥቷል፣ ድርሽ እንዳትዪ»፤ አባ ኮዳ ሲባል እናቶችም ይጨመራሉ። አረንጓዴ «የተደበቀ ነገር አለ»። የእንጨቶቹ ፔጎች ቁጥር ናቸው፤ ሁለት እንጨት ማለት ሁለተኛው ታንከር። በቃ። ሶስና ሌላ ትምህርት ቤት ስለምትማር ቀድማ ትመለሳለች፣ እኔ ሆምወርክ ሳልጨርስ አምስተኛ ፎቅ እነሱ ቤት መግባት አይፈቀድልኝም፣ ስልክ የለን። ገመዱ ግን ነበረን።

የጭምቶቹን ታሪክ ደግሞ ስልሳ አራት ገጽ ባለው ደብተር እንጽፍ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ ሶስና ትስላለች። በአማርኛ ነው የምጽፈው። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ የሳውዝ ሲ ልጅ ሁሉ ያነበዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ትምህርት ላይ የለመድኩት ፊደል ግን ራሱ ግማሽ ምስጢር ነበር። ደብተሩ አንድ ሳምንት እሷ ጋ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ ያድራል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብን፤ እትዬ ጥሩወርቅ።

እትዬ ጥሩወርቅ አራተኛ ፎቅ ልጃቸው ጋ ከአዲስ አበባ የመጡ ሴትዮ ናቸው። ልጃቸውና ምራታቸው ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። እሳቸው ስዋሂሊ አያውቁ፣ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ቤቱ ውስጥ ከፍሪጁ ድምፅ በስተቀር ሰው የለ፤ በርጩማቸውን ይዘው ጣራ ላይ ይውላሉ። ከስዋሂሊ የሚያውቁት አንድ ቃል ቢኖር «ምቩዋ» ነው። እሷን ግን ሲሏት! የሕንፃው ጠባቂ፣ ኬርቴከሩ ራሱ፣ «ማማ ኢትዮጵያ ከጮኸች ዝናቡ ራሱ ይደነግጣል» ይል ነበር። የአባ ኮዳን ስም የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ «ውይ፣ አባ ኮዳ እዚህም አለ እንዴ!» ብለው።

ስሙን ማወቃቸው ነው ያስጠረጠረን። ለምን አወቁት? ደግሞ ይቆጥራሉ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ገመዱን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው አንድ በአንድ ይታጠፋል። ሶስና በጆሮዬ «ሪፖርት እያዘጋጁ ነው» አለችኝ። በደብተሩ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ባለ ሰማያዊ ሻሿ ሴትዮ የአባ ኮዳ ሰላይ ናት። ከወፎቹ ጋር በዓይን ትነጋገራለች። ሁሉን ትቆጥራለች።» ሶስና ሻሹን አሳምራ ሳለችው። ምንቃርም ጨመረችላቸው።

ረጅሙ ዝናብ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሶስና ሰማያዊና ሁለት እንጨት ሰቅላ ሁለተኛው ታንከር ጀርባ ተደበቀች። የጭምቶች ሕግ ጥብቅ ነው፤ የጠራ ሰው የተጠራው ሳይመጣ ከቦታው አይነቃነቅም። ዝናቡ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ «ምቩዋ!» አሉ። ልብሱ ተነሳ፣ እሳቸው ደግሞ ነገር ማባከን የማይወዱ ሴት ናቸውና ባዶ ገመድ ላይ የቀሩትን ፔጎች ሁሉ ለቅመው ሳፋ ውስጥ ከተቱ። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ሳይ ገመዱ ባዶ ነው። ጥሪ የለም ብዬ ወረድኩ። ሶስና አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ቤቷ ገባች። ሦስት ቀን ተኛች።

በነጋታው ጣራ ላይ ወጥቼ እትዬ ጥሩወርቅ ፊት ቆምኩ።

«ማን ንኪ አለሽ? ምን አገባሽ!»

አዎ። አንቺ አልኳቸው። በእናቴ ዕድሜ እንኳን አይደሉም፤ የእናቴን እናት ያህላሉ። እሳቸው በትከሻዬ አልፈው ወደ ኋላዬ አዩ። ከጀርባዬ ግን ማሚ የሳሙና ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር።

ማሚ አልመታችኝም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረገች፤ ፊቴን አስታጥባ፣ ፀጉሬን አበጥራ፣ የእሑድ ልብሴን አስለብሳ ይቅርታ እንድጠይቅ አራተኛ ፎቅ ይዛኝ ወጣች። ለይቅርታ እንደ ሰርግ መልበስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ሳሙኝ። ኦቾሎኒ አቀረቡልኝ። ማሚ ከምራታቸው ጋር ስታወራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነዚያ መቆንጠጫዎች ምንድን ናቸው?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው።»

«እሱማ ጨዋታ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን ወደኛ ገመድ አስጠጉት። ሶስና ድና ስትወጣ ይህን አይታ «አለቀልን» አለች።

ሰላይዋ ምንም አላደረገችንም። የለያየን ሌላ ነገር ነው። የሶስና ቤተሰቦች «ፕሮሰስ ላይ» ነበሩ። ትልልቆቹ ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ስለሚቀንሱ እኔ ፕሮሰስ የሚባል በሽታ መስሎኝ፣ አባቷን በአዘኔታ ነበር የማያቸው፤ ሲያስሉ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ሶስና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

«ተሳካ» አለችኝ። «ካናዳ። ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ።»

አቅፌያት ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ደብተሩስ?»

«ምን ደብተሩስ? ይዤው እሄዳለሁ።»

«አትወስጂውም! ታንከሮቹ እዚህ ናቸው። ጭምቶቹ እዚህ ናቸው። ካናዳ ምን ታንከር አለና!»

«ሥዕሉ በሙሉ የኔ ነው!»

«ጽሑፉ በሙሉ የኔ ነው!»

ሶስና ተነሳች። አፍንጫዋ ሲቀላ አየሁት። «ያለኔ ሥዕል ምን ልትጽፊ ነው? ማን ያያቸዋል? ያንቺ ነገር እኮ ሥዕል ከሌለው ፊደል ብቻ ነው!»

ሰው እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቤቴ ገባሁ። ደብተሩ የሷ ሳምንት ስለነበረ እሷ ጋ ቀረ። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን፣ ስምንት ቀን አልተነጋገርንም። ገመዱ ላይም ከልብስ በስተቀር ምንም አልነበረም። በየቀኑ ግን አየዋለሁ። እንደማላይ ሆኜ አየዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስኩል ባሱ እየጠበቀኝ ደረጃውን ስሮጥ፣ ሶስና በአዲስ ጃኬት ተጠቅልላ ከታች ወደ ላይ ስትወጣ ተገናኘን። በረራቸው ከሰዓት ነው፤ እኔ ስመለስ አትኖርም። ሁለታችንም ቆምን። ከዚያ እንደ ጭምት አንድ ጣቷን ወደ ጣራው ቀሰረችና አልፋኝ ሮጠች።

ገባኝ። ገመዱን እዪ ማለቷ ነው። መልእክት ልትሰቅልልኝ ነው። ደብተሩን ትታልኝ ከሆነ የት እንዳለ የማውቅበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ያን ቀን ምን እንደተማርን አትጠይቁኝ። ምሳ በልተን ስንገባ የክፍሉ መስኮት ጨለመ። መምህራችን መብራት አበራች። ከዚያ ጣራው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሺህ ጠብታ። የትምህርት ቤታችን ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ መምህራችን ድምፅዋ ስላልተሰማ ሰሌዳው ላይ ብቻ ስትጽፍ እኔ ደብተሬ ላይ ጭንቅላቴን ደፋሁ። የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ርቀት ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ «ምቩዋ!» ልብሱ ሲነሳ፣ ፔጎቹ ሲለቀሙ፣ ሳፋው ውስጥ ቀይ ከሰማያዊ፣ እንጨት ከአረንጓዴ ሲቀላቀል ታየኝ። ሳፋ ውስጥ የገባ መልእክት አይነበብም።

ሞምባሳ መንገድ ላይ ባሱ ተጣብቆ ቆመ። ከፊት ጀሪካን የጫነ ማታቱ ሚኒባስ፣ ከኋላ ከባድ መኪና። ከላይ ከደመናው ውስጥ አውሮፕላን ሲያጓራ እንባዬን በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። የሷ ይሁን የሌላ ማን ያውቃል።

ሕንፃው ጋ ስደርስ ቦርሳዬን ይዤ አምስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። ዝናቡ አላባራም። ልብስ የሚባል ነገር የለም። አምስቱም የልብስ ገመዶች ባዶ ናቸው።

የኛ ገመድ ግን ባዶ አልነበረም።

አንድ አረንጓዴ። ሦስት እንጨት። አንድ ሰማያዊ። በጣት የተለካ ያህል ተራርቀው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ቆመዋል። ከሥራቸው እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸው ላይ ሳፋ ደፍተዋል። ሻሻቸው ከነመቀነታቸው ርሷል።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ኬርቴከሩ ገመዱን ሊፈታው ነበር። ንፋሱ ሊበጥሰው ነው መሰለኝ የሚለው፣ እኔ እንጃ ቋንቋውን። በርጩማዬን አምጥቼ ቁጭ አልኩበት።»

«እትዬ... እንዴት አወቁት?»

«ምኑን?»

«ፔጎቹን።»

«ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ስትጽፉ ምን ልሁን?» አሉና ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። «ሰማያዊ ሲሰቀል ትመጫለሽ። ቢጫ ሲሆን ደረጃው ላይ ትቆያለሽ። ቀዩ ሲሰቀል ማንም አይወጣ፤ ይኼ እንኳን ለእናትሽ ነው። እንጨቱ ጋኑን መቁጠሪያ። አረንጓዴዋ ነበረች ያቃተችኝ፤ ዛሬ ልጅቷ ስትደብቅ አይቼ ገባችኝ።» ውሃውን ከፊታቸው ጠረጉ። «እኔን እኮ ፊደል አላስቆጠሩኝም እንጂ ዓይኔን አላወጡትም!»

ሰላይዋ። የአባ ኮዳ ሰላይ። ጣት እያጠፈች ስትቆጥር የነበረው የመጀመሪያ ፊደሏን ነበር።

ሦስተኛው ታንከር ሥር፣ በሁለት የላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ደብተሩ አለ። አንድ ሥዕል እንኳን አልቀደደችበትም። የመጨረሻው የተሳለበት ገጽ ላይ ሁለት ጭምቶች ገመዱን ከሁለት ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ፤ መሐላቸው ባሕር አለ፤ ገመዱ ግን አልተበጠሰም። ከሥሩ በተጣመመ አማርኛ፣ እሷ መጻፍ ሳትወድ፦ «ያልኩሽን ተይው።» ማታ ማሚ ቅርጫቱን አገላብጣ «ከየቀለሙ አንዳንድ መቆንጠጫ ጎድሏል፤ ሌባ ገባ?» ስትል ብቻዬን ሳቅሁ። ሶስና ይዛቸው ሄዳለች፤ ካናዳ ውስጥ የሆነ ገመድ ላይ ሊሰቀሉ ነው።

ይሁን እንጂ ያለችው ነገር አልወጣልኝም። ያለ ሥዕል ፊደል ብቻ ነው። ደብተሩ ውስጥ ሃያ ሁለት ባዶ ገጾች ቀርተዋል። እርሳስ አነሳለሁ፣ ግማሹ ገጽ ለሥዕል ባዶ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ እርሳሱን አስቀምጣለሁ። ጣራ መውጣትም ተውኩ፤ ማሚ እየተቆጣች ልብሱን ራሷ ታወርድ ጀመር። ጭምቶቹ ሊሞቱ ነው ብዬ በእውነት አምኜ ነበር። ሳምንት ሆነኝ።

በስምንተኛው ቀን ከስኩል ባስ ወርጄ ቀና ስል፣ አራተኛው ፎቅ በረንዳ ብረት ላይ፣ አንዲት ሰማያዊ ፔግ።

ነይ።

ወጣሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ከፍተው ቆመዋል። «አነበብሽው?» አሉኝ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል። «በዕድሜዬ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው!»

ደብተሩን አምጪ አሉኝ። ጣራ ላይ ወጣን። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ጋ ስደርስ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ።

«ዘለልሽ» አሉ።

«አልዘለልኩም።»

«ልጄ፣ ከኔ ዓይን ምን ሊያመልጥ!»

አነበብኩላቸው። ባለ ሰማያዊ ሻሿ ሴትዮ፣ ከወፎቹ ጋር በዓይን የምትነጋገረው። ጨርሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አንዱን ዓይኔን ብቻ ገለጥኩ። ሥዕሉን ከፊታቸው አስጠግተው ያያሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «ምንቃር!» አሉ ከሳቅ መሐል። «ምንቃር አወጡልኝ! ምራቴ ይኼን ባየች!» እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከዚያ «ቀጥሎስ?» አሉ።

«ቀጥሎ የለም። ሶስና ሄደች። የሚስል የለም።»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ። እኔ ጥቁሩን ፊደል አላውቀውም፤ ሥዕሉንም ካልሽ ዓይኔ ደክሟል። አንቺ ጽፈሽ ንገሪኝ።»

ባልዲው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ሳስበው አምስት መስመር አይሞላም። አንድ ትንሽ ጭምት የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዝናቡ አሁን ማባራቱ ነው፤ ሲሚንቶው ያጨሳል፤ ከፊቱ ገመድ ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፤ ጭምቱ ግን አልሸሸም። ግማሹን ገጽ ለሥዕል አልተውኩም። እስከ ጫፉ ሞላሁት። አነበብኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ አልገለጡትም። «አየሁት» አሉ። «ምስኪን፣ ክንፉ ርሷል እኮ፤ መብረር አቅቶት ነው የቆመው። ለዚህ ነው ያልበላው።»

ወደ ደብተሩ አጎነበስኩ። ክንፉ ርሷል የሚል የትም አልጻፍኩም። ዝናብ ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ ወፉን ያረጠቡት እሳቸው ናቸው። እርሳሴን በምላሴ አርሼ ጨመርኩት፤ «ክንፉ ርሷል።»

«ቀጥሎስ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።